የዕለት ተዕለቱን ካዛንቺስ በፎቶግራፍ ስለ ማስቀረት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የፎቶግራፍ ክበብ አባሎች በአዳራሽ ያሰሙት ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን የፎቶግራፍ ክበብ ስለ ሥራው ጥቂት እንዲናገር ስለ ተፈቀደለት ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች ከጧት ጀምሮ ስትመለከቱ ቆይታችኋል። ከመካከላችሁም አንዳንዶቹ «ልጆቹ ይህን ያህል ከደከሙ ዘንድ ለምን የሚያምር ነገር አላነሡም?» ብለው እንደ ጠየቁ ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በፎቶግራፎቹ ውስጥ ሰርግ የለም፤ ምረቃ የለም፤ ሐውልትና ቤተ መንግሥትም የለም። ያለው የጉሊት መደብ ነው፤ የሊስትሮ ሣጥን ነው፤ በቆርቆሮ አጥር ላይ በቀለም የተጻፈ የቤት ቍጥር ነው፤ ዝናቡ እስኪያባራ በሱቅ በረንዳ የተጠለሉ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ የንግግራችን ዓላማ እነዚህን ለምን እንዳነሣንና እንዴት እንዳነሣን ማስረዳት ነው።

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን ከገባ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1860 ዓ. ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች ነበሩት፤ የዚያ ዘመቻ ፎቶግራፎች ዛሬም ይታያሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደግሞ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ሠሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አደረሱት። ስለዚህ ፎቶግራፍ በእኛ ዘንድ ከመጀመሪያው የክብር ነገር ነበረ። ሰው ፎቶግራፍ ሊነሣ ሲሄድ ይታጠባል፤ ክት ልብሱን ይለብሳል፤ ጠጕሩን ያበጥራል። ከፎቶ ቤቱም ሲደርስ «ጉርድ ነው ወይስ ሙሉ ቁመት?» ተብሎ ይጠየቅና ሥዕል ከተቀባበት መጋረጃ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ይህ ልማድ የሚናቅ አይደለም። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያሉት ያማሩ የአያቶቻችን ፎቶግራፎች የተገኙት በዚሁ ልማድ ነው። ነገር ግን በዚሁ ምክንያት የቀረብንም ብዙ ነው። አያቶቻችን ምን ለብሰው ሰርግ እንደ ሄዱ እናውቃለን፤ ውሃውን ከየት ቀድተው በምን ተሸክመው እንዳመጡ፣ ከማን ሱቅ በዱቤ እንደ ገዙ፣ ማታ ከሥራ ሲመለሱ በየትኛው ማዕዘን ቆመው እንደ ተጨዋወቱ ግን በዓይናችን አላየንም። ከተቀባው መጋረጃ ኋላ የነበረውን መንገድ ያነሣው ሰው ጥቂት ነው።

ከእኛ አብዛኞቻችን የካዛንቺስና የቂርቆስ ልጆች ነን። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከየት እንደ መጣ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ላልሰሙት ለታናናሾቻችን ያህል ግን እናንሣው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. አገራችንን ይዞ በነበረበት ጊዜ ለመንግሥቱ ሠራተኞች የመኖሪያ ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበረው። የድርጅቱ ስም በፊደል ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባላል፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለምላሱ አለስልሶ ካዛንቺስ አለው። ለገሃርም ቢሆን የባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳዮች ቃል የወጣ ነው። ቂርቆስ ብቻ ስሙን ከቤተ ክርስቲያኑ አገኘ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ በቪላዎቹ ዙሪያ የጭቃ ቤቶች በረከቱ። በ1953 ዓ. ም. የአፍሪካ አዳራሽ ከሰፈሩ ግርጌ ተመርቆ ተከፈተ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ. ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያው አዳራሽ ነው። በ1967 ዓ. ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቍጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ። አንድ ግቢ ውስጥ የነበረ አንድ ቤት በቆርቆሮና በኮምፔንሳቶ እየተከፈለ ለብዙ ቤተ ሰብ መኖሪያ ሆነ። የዓለም መሪዎች መኪና በሚያልፍበት አስፋልትና እናቶች ቡና በሚያፈሉበት ደጃፍ መካከል የነበረው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነበር። የካዛንቺስ ጠባይ ይኸው ነበረ።

ነበረ ማለታችን በምክንያት ነው። በ2017 ዓ. ም. መጀመሪያ ወራት የኮሪደር ልማት ሥራ ካዛንቺስ ደረሰና የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ልዩ ልዩ የከተማይቱ ክፍሎች ተዛወረ። ከዚያ ቀደም ብሎም ትልልቅ ሆቴሎች የቆሙበት ወገን ፈርሶ ነበር። ከክበባችን አባሎች ቤታቸው የፈረሰባቸው አሉ። ልማቱን ለመንቀፍም ሆነ ለማመስገን አልተነሣንም። መንገዱ ሰፍቷል፤ በሌሊት ብርሃን አለ፤ ሰው የሚሄድበት የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል። ጣሪያው በሚያፈስ ቤት፣ ለስንት አባወራ አንድ መጸዳጃ ባለበት ግቢ ያደገ ሰው ያንን ሁሉ ይናፍቃል ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ጎረቤቱን ግን ይናፍቃል፤ የእድሩንም ድንኳን ይናፍቃል።

የክበባችን ሥራ የተለወጠው በዚያ ጊዜ ነው። የአንዲት እኅታችን እናት ቤታቸው ፈርሶ ወደ ሩቅ ሰፈር ከተዛወሩ በኋላ የቀድሞውን ቤት ፎቶግራፍ ፈለጉ። ቤተ ሰቡ በስልኮቹ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶግራፍ ነበረው። ሁሉም ተፈተሸ። የልደት ኬክ ተገኘ፤ የፋሲካ ዶሮ ወጥ ተገኘ፤ የሳቁ ፊቶች በብዛት ተገኙ። ቤቱ ግን ከፊቶቹ ኋላ ደብዝዞ ወይም ተቈርጦ ነው የሚታየው፤ ምክንያቱም የዛሬ ስልክ ፊትን አጥርቶ ጀርባውን እያደበዘዘ ማንሣት የሚችል ነው፤ ሰውም ይህን ይወድለታል። እናትዮዋ ሠላሳ ዓመት የወጡበትና የገቡበት በር ከአንድ ፎቶግራፍ ላይ ብቻ፣ ያውም ግማሹ ተገኘ። አሰፉትና ሰቀሉት። የግማሽ በር ፎቶግራፍ በመስተዋት ተከቶ ከክርስትና ፎቶግራፎች መካከል ተሰቅሎ ስናይ ምን ማንሣት እንዳለብን የማንም አስረጅ አላስፈለገንም።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሆነን እንወጣለን። የተረፈውን ካዛንቺስ፣ ቁልቁል ወርደንም ከመስቀል አደባባይ በስታዲየሙ በኩል ለገሃርን፣ ከለገሃርም ኋላ ቂርቆስን እናነሣለን። የምናነሣው በር ነው፤ አጥር ነው፤ በእጅ የተጻፈ የሱቅ ማስታወቂያ ነው። ጠላ ቤት መሆኑን ለማስታወቅ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው፤ በሚኒባስ በር ላይ ግማሽ አካሉን አውጥቶ የሚጣራ ወያላ ነው፤ ከቧንቧው ፊት እንደ ሰው ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁ ቢጫ ጄሪካኖች ናቸው። ጄሪካኖቹን ስንመለከት ባለቤቶቻቸው በሌሉበት ተራቸውን የሚነካባቸው እንደሌለ አስተዋልን። የሰፈሩ ሕግ በፎቶግራፍ የሚታየው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ከሁሉ ብዙ የደከምንበት የጉሊት ፎቶግራፍ ነው፤ በቀኝ በኩል ከመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለውን ተመልከቱት። እናትዮዋ የተቀደደ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው ቲማቲሙን አምስት አምስት አድርገው ደርድረዋል፤ አራቱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ሚዛን የላቸውም፤ የሚሸጡት በመደብ ነው። መልካሙ ቲማቲም ከላይ ነው፤ የተጨማደደውም ከሥር ነው፤ ገዢዋም ይህን ታውቃለች፤ ሻጪዋም ገዢዋ እንደምታውቅ ያውቃሉ። ጃንጥላው ከድንጋይ ጋር በገመድ ታስሯል። ገመዱ የተቈረጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ መሆኑን ፎቶግራፉን አሳትመን በትልቁ እስክናየው ድረስ ማንኛችንም አላስተዋልንም ነበር። ካሜራ ትኵር ብሎ የማያይ ሰው ያለፈውን ይይዛል፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ ካነሡ በኋላ መመልከት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ይህ ሥራ በተጀመረ በሁለተኛው ወር ክበባችን ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ከፊሎቹ «ይህ የሰው ገመና ማውጣት ነው» አሉ። «የውጭ አገር ሰው ካሜራውን አንጠልጥሎ ሲመጣ የሚያነሣው ድህነታችንን ነው። በ1977 ዓ. ም. ረኀብ ጊዜ ከኮረም የተነሡት ምስሎች ዓለምን አንቀሳቅሰው እርዳታ አምጥተዋል፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ በተባለች ቍጥር በዓለም ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ምስል ብቻ ሆኖ ለብዙ ዘመን ቀረ። እኛስ የራሳችንን ሰው በቆርቆሮ አጥር ፊት አቁመን ስናነሣ ከዚያ በምን እንለያለን?» ሲሉ ጠየቁ። ሌሎቹ ደግሞ «ታዲያ የምናሳየው አዲሱን ፎቅ ብቻ ከሆነ እናቶቻችን በዚህች ከተማ አልኖሩም ልንል ነው?» ብለው መለሱ። ክርክሩ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ፤ የተጣላም ነበረ።

በመጨረሻው ያስማማን ክርክሩ ሳይሆን ሥራው ነው። አንድ ቀን ሁለት አባሎቻችን ወደ እነዚሁ የጉሊት እናት ቀርበው «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? የትምህርት ቤት ልጆች ነን፤ የሰፈሩን ሰውና ሥራ በፎቶግራፍ እናስቀምጣለን፤ ቢፈቅዱልን እርስዎንም ብናነሣ» አሏቸው። እርሳቸውም «እኔን አንሥታችሁ ምን ልታገኙ ነው?» ብለው ሳቁና «ቆዩማ» አሉ። ነጠላቸውን አራግፈው አጣፉ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ከመደባቸው ተነሥተው እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው ልክ እንደ ፎቶ ቤት ቀጥ ብለው ቆሙ። ጉሊቱ ተረሳ፤ የተቀባው መጋረጃ የሌለ መሆኑ ብቻ ነው። ልጆቹ «እንዲህ አይሁኑ፤ እንደ ሥራዎ ይሁኑ» ሊሏቸው ይችሉ ነበር። አላሏቸውም። እንደ ቆሙ አነሧቸው፤ አሳዩአቸው፤ መረቋቸው። ከዚያ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ገዢ መጣ፤ እርሳቸውም ወደ ቲማቲማቸው ተመለሱ። ሁለተኛው ፎቶግራፍ፣ ይኸውም የተሰቀለው፣ የተነሣው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ለክበባችን ደንብ ሆነ። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ የባለቤቱ ነው፤ ሰውየው መታየት እንደ ፈለገ ይነሣል፤ ታትሞም ይሰጠዋል። ሁለተኛው የክበቡ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለባለቤቱ ታይቶ ካልተፈቀደ አይሰቀልም። ገመና ማውጣት ማለት ድህነትን ማንሣት አይመስለንም፤ ሰውየው ሳያውቅና ሳይፈቅድ ለሌላ ሰው ማሳየት ነው። ሀብታምንም ቢሆን እንዲሁ ማድረግ ገመና ማውጣት ነው።

እንቢ ያለን አለ፤ እንቢታውም ይከበራል። በእኛ ዕድሜ ያለ አንድ ሊስትሮ «ፊቴን አታንሡኝ» አለን። ምክንያቱን አልጠየቅነውም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ራሱ ነገረን። አገር ቤት ያሉት ወላጆቹ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የገባ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን ፎቶግራፉ ዞሮ ዞሮ በሰው ስልክ ቢደርሳቸውስ? «ሣጥኔን ግን አንሡት» አለ። ብሩሾቹ፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹ፣ ደንበኛ እግሩን የሚያሳርፍበት ተበልቶ የለሰለሰው እንጨት ከበሩ አጠገብ ተሰቅለው ይታያሉ። ለመሰቀላቸውም ፈቃዱን ሰጥቷል። የብዙዎቻችን አስተያየት ከዐውደ ርእዩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው የሚል ነው።

ስለ ጥበቃዎችም ጥቂት እንበል። ካዛንቺስ ለብሔራዊ ቤተ መንግሥት ቅርብ ነው፤ ኤምባሲና ትልልቅ መሥሪያ ቤት ያለበትም አካባቢ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ ካሜራ አይወጣም፤ አባሎቻችን ይህን ያውቃሉ፤ ከትምህርት ቤቱም የተጻፈ ደብዳቤ ይይዛሉ። አንድ ጊዜ ግን ከማንም መሥሪያ ቤት ርቀን የዛፍ ጥላ በግድግዳ ላይ ስናነሣ አንድ ጥበቃ መጥተው ደብዳቤያችንን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡ። «ግድግዳ ምን ይሠራላችኋል?» አሉን። አስረዳን። ዝም ብለው ቆዩና ኮፍያቸውን አስተካክለው «እንግዲያውስ ለእኔም አንድ ጉርድ አንሡልኝ» አሉን። ተነሡ፤ ታትሞም ደረሳቸው።

ከመካከላችሁ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚፈልግ ወጣት ቢኖር ስለ ብርሃን ጥቂት እናስታውሰው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ናት። ስለዚህ በበጋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት ላይ ሆና ጥላዋ እንደ ቢላዋ የሰላ ነው፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ዓይኑ አይታይም። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲህ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። የበጋን ቀትር መሸሽ ይገባል፤ የክረምትን ቀን ግን አትሽሹ። ደመናው ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ በመንገድ ላይ የቆመው ውሃም ቤቱን ሁሉ ገልብጦ ያሳያል።

ሌላው ችግር የነጠላና የፊት ነገር ነው። ካሜራ ነጭ ነጠላ ባየ ጊዜ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ሥዕሉን ሁሉ ያጨልማል፤ የጠይም ሰው ፊት ያን ጊዜ ጥቁር ይሆንና ጠባዩ ይጠፋል። ይህ በከፊል የአሠራሩ ታሪክ ነው። በአሜሪካ የኮዳክ ኩባንያ ፎቶ ቤቶች የቀለምን ሚዛን እንዲያስተካክሉበት «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የሴት ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ይልክላቸው ነበር፤ በካርዱም ላይ ያለችው ለብዙ ዘመን ነጭ ሴት ነበረች። እኛ የምናደርገው ሰውየውን ከፀሐይ አውጥቶ ወደ በረንዳ ጥላ ማስገባት፣ ስልክ ከሆነም ፊቱን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ነው። ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም፤ እናትዮዋ ከነጠላቸው ይልቅ ፊታቸው ቢታወቅ ይወዳሉ።

ከብርሃን ይልቅ ግን ቸል የሚባለው ጽሕፈት ነው። መቼ፣ የት፣ ማን የሚለው ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ሃያ ዓመት ሲሞላው ዲዳ ይሆናል። የድሮ ፎቶግራፎች ጀርባቸው ላይ ቀን በቀለም ብዕር ይጻፍባቸው ነበር፤ «ለማይረሳው ወንድሜ መታሰቢያ» የሚልም ይጨመርበታል። በስልክ ያለው ፎቶግራፍ ጀርባ የለውም። እርግጥ ስልኩ ቀኑን ራሱ ይመዘግባል፤ ነገር ግን የሚመዘግበው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሰዎች ካመጡልን ፎቶግራፎች መካከል «2017» የሚል ቀን ያለው የካዛንቺስ መንገድ ነበረ። ይህን ያየ ሰው ሰፈሩ የፈረሰበት ዓመት ነው ይላል። ነገር ግን እ. ኤ. አ. 2017 ማለት በእኛ 2009 ወይም 2010 ዓ. ም. ነው። ሰባት ዓመት ተኩል የሚያህል ጊዜ ለመጥፋት ሁለት ፊደል አለመጻፍ ይበቃል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ስልኩ 9 ሰዓት ሲል የእኛ ሰዓት 3 ነው፤ ያልተጠነቀቀ ሰው የጧቱን ብርሃን የከሰዓት በኋላ ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ በክበባችን ዓ. ም. ወይም እ. ኤ. አ. ያልተባለበት ቀን ቀን አይባልም። የጉሊት ፎቶግራፍ ከሆነ የመደቡን ዋጋ እንጽፋለን፤ በር ከሆነ በሩ ወደ የትኛው መንገድ እንደሚከፈት እንጽፋለን። ፎቶግራፎቹም ከአንድ ስልክ ላይ አይቀሩም፤ በሁለት ዲስክ ይቀመጣሉ፤ መልካሞቹም በወረቀት ይታተማሉ።

ይህ ሐሳብ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የፓሪስ ከተማ በ19ኛው መቶ ዓመት አሮጌ ሰፈሮቿን አፍርሳ ሰፋፊ መንገዶች ስታወጣ ሻርል ማርቪል የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ በከተማይቱ አስተዳደር ታዝዞ ሊፈርሱ የተዘጋጁትን ጠባብ መንገዶች አነሣ፤ ከ400 የሚበልጡ ፎቶግራፎች ናቸው። ማርቪልን ያዘዘው ያው የሚያፈርሰው አስተዳደር መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ማፍረስና መመዝገብ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው። ከእርሱም በኋላ ኤውጄን አትዤ ከባድ ካሜራውን ተሸክሞ እስከ ሞተበት እስከ እ. ኤ. አ. 1927 ድረስ የፓሪስን ደጃፎች፣ የሱቅ መስኮቶችና የመንገድ ነጋዴዎች ሲያነሣ ኖረ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የአዲስ አበባው ሚካኤል ጸጋዬ ሥዕል ተምሮ ከተመረቀ በኋላ የዘይት ቀለም ለሰውነቱ ስላልተስማማው ወደ ፎቶግራፍ የዞረ ሰው ነው፤ «የወደፊት ትዝታዎች» የሚል ትርጉም ባለው ተከታታይ ሥራው የከተማችንን መለወጥ አነሣ። ግርማ በርታ ደግሞ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው፣ ተሸካሚውንም ነጋዴውንም፣ በእጅ ስልክ አንሥቶ ከቀለም መደብ ላይ በማሳረፍ እ. ኤ. አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አግኝቷል። ውድ ካሜራ ስለሌለን አንችልም ለሚሉ ጓደኞቻችን ይህን እንጠቅሳለን። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለውም ሥራ ከየቤተ ሰቡ አሮጌ ፎቶግራፍ ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል፤ በሣጥን ውስጥ ያለው ጉርድና የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ለከተማ ታሪክ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያየነው ከዚያ ነው።

በቂርቆስ በኩል የሠራነው ገና ጥቂት ነው። ጥር 15 ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ንግሥ ዕለት ወጥተን ነበር። ንግሡን ለማንሣት ብዙ ካሜራ ስለ ነበረ እኛ ከቅጥሩ በር ላይ ቀረን፤ ጧፍ ሻጮቹን፣ በድንጋይ ላይ ዐረፍ ያሉትን አረጋውያን፣ ከቤተ መቅደሱ ደጅ የተደረደረውን ጫማ አነሣን። የባለጠጋው ጫማና የተጣፈው የላስቲክ ጫማ ጎን ለጎን ናቸው። በለገሃር ደግሞ በ1922 ዓ. ም. የተመረቀው የባቡር ጣቢያ አለ፤ ሕንጻው በሰው ሁሉ ስለ ተነሣ እኛ ጀርባችንን ለእርሱ ሰጥተን ከፊቱ የሚያልፈውን ሰው አነሣን። ከ2008 ዓ. ም. ጀምሮ የሚሠራውን የከተማ ቀላል ባቡር በጧት የሚጠብቁት ሠራተኞች በዚያ በኩል በግራ ግድግዳ ላይ ይታያሉ፤ አንዳቸውም ወደ ካሜራ አላዩም፤ ሁሉም የሚያዩት ባቡሩ ወደሚመጣበት ነው።

ከንግግራችን በኋላ ወደ ግድግዳው ተመልሳችሁ እንድትጎበኙ እንለምናለን። በኋለኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የእኛ ሥራዎች አይደሉም፤ ከካዛንቺስ የተዛወሩ ቤተ ሰቦች ያዋሱን አሮጌ ፎቶግራፎች ናቸው። የብዙዎቹ ቦታ ወይም ሰው አልታወቀም። ከእያንዳንዳቸው ሥር ባዶ ወረቀትና እርሳስ በክር ታስሯል። የቀድሞ ተማሪዎች፣ በተለይም በዚያ ሰፈር ያደጋችሁ፣ መንገዱን ወይም በሩን ያወቃችሁት እንደ ሆነ እባካችሁ ጻፉልን፤ ዓመተ ምሕረቱንም አትርሱ። ሦስተኛው ላይ ያለችውን፣ የትምህርት ቤታችንን የደንብ ልብስ ለብሳ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ዝናብ የምትጠብቀውን ልጅ እስካሁን ማንም አላወቃትም። ምናልባት ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ ይሆናል።